የማይታየው መብራት በኬክ ካርቶን

ሰው የጉዞ ማስታወሻ የሚጽፈው ሩቅ አገር ሲሄድ ነው። እኔ የምጽፈው በአንድ የነሐሴ ቀን ከጎተራ ካዛንቺስ ደርሼ ስለመመለሴ ነው። አትሳቁ። ውሃ የሚፈራ፣ ትንሽ ሲጎብጥ ቀጭ የሚል የብርጭቆ ክር ይዛችሁ፣ በክረምት፣ በባቡርና በሚኒባስ ብትሄዱ ጎተራና ካዛንቺስ ምን ያህል እንደሚራራቁ ይገባችሁ ነበር።

ስሜ ትዕግስት ነው። ስም ብቻ ነው። እናቴ ራሷ «ስምሽን ያወጣሁት ጠባይሽን ሳላይ ነው» ትለኛለች። ለብዙ ዓመት የስልክ ፋይበር ስቀጥል ኖሬ፣ አሁን ጎተራ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ከነጂብ ጋር እሠራለሁ። ነጂብ የፊዚክስ ሰው ነው። ሦስተኛ ዲግሪውን እየጨረሰ ነው። «እየጨረሰ» የሚለውን ቃል አባቱ ፊት ግን አፌን ቢቆርጡኝ አልናገረውም፤ በጣም ሰምተውታል።

የምንሠራው ሌዘር ነው፤ ያውም ብርሃኑ በዓይን የማይታይ። ይህን ብርሃን ውሃ ቶሎ ይጠጣዋል። ስለዚህ ውሃ ያለበትን ነገር፣ ሥጋንም ጥርስንም፣ በስሱ መቁረጥ ይችላል። ነጂብ ሁልጊዜ የሚታየው ያለ መሰርሰሪያ የሚሠራ የጥርስ ሐኪም መሣሪያ ነው። ችግሩ ተራው የስልክ ፋይበር ይህን ብርሃን አያሳልፍም። የሚያሳልፈው ፍሎራይድ የሚባል ብርጭቆ ነው፤ እሱ ደግሞ ሲበዛ ቅምጥል ነው። እርጥበት ሲነካው ይበላሻል፣ ሲቆጡት ይሰበራል፤ ማለቴ ሲነኩት።

ብርሃኑ ሌዘር እንዲሆን ክሩ ውስጥ ወዲያ ወዲህ መመላለስ አለበት፤ ለመመላለስ ደግሞ የሚመልሰው መስታወት ይፈልጋል። መስታወቱን ከውጭ መለጠፍ ጣጣ ነው፤ እዚያው ክሩ ውስጥ መጻፍ ግን ይቻላል። ብልጭታው እጅግ አጭር የሆነ ሌላ ሌዘር ከላይ እየመታ፣ የክሩን ውጭ ሳይነካ መሃል ልቡ ላይ ብቻ፣ ጭረት ከጭረት እኩል እያራራቀ ይሄዳል። ጭረቶቹ ሲደረደሩ ፍርግርግ ይሆናሉ። ፍርግርጉ የፈለግነውን አንድ ቀለም ብርሃን ብቻ ይመልሳል፣ ሌላውን «እለፍ» ይለዋል። ይህን የሚጽፈው ማሽን ጎተራ የለም። ያለው ካዛንቺስ፣ ስስ መስታወት በሌዘር የሚቆርጥ አንድ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ነው።

ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ሄደን ነበር። ሁለቴም ጽፈን መጣን፤ ሁለቴም አልሠራም። ነጂብ «በመንገድ እርጥበት ነክቶት ነው» አለ። አሁን የቀረን አንድ ቁራጭ ክር ብቻ ነበር። ይህ ካልሠራ ጥናቱን አቁሞ አባቱ የተከራዩትን አዲስ ሱቅ ሊከፍት ቃል ገብቷል። ነጂብ ደግሞ ለአባቱ የገባውን ቃል የሚያጥፍ ልጅ አይደለም። እኔ ደግሞ እንደ ወንድሜ ነው የማየው።

ጎተራ፣ በጠዋት

ባለፈው ክሩን በጥቁር ቦርሳ ይዘነው የሰው ክርን ሲደቁሰው ነበር የዋለው። «የሳይንስ ዕቃ ነው» ብንል ማን ቦታ ይለቃል? ሌሊቱን ሳስብ አድሬ ጠዋት ከሰፈር ኬክ ቤት ባዶ ካርቶን ለምኜ መጣሁ። ክሩ በሰፊ ጥቅል ላይ ላላ ብሎ ተጠምጥሟል። ጥቅሉ አየር በማያስገባ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ነው፤ አዲስ ጫማ ውስጥ የሚገኙት ዓይነት እርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች አብረውት አሉ። ሳጥኑን ካርቶኑ ውስጥ አስገብቼ በቀይ ሪባን አሰርኩት።

ነጂብ አየና «ትቀልጃለሽ» አለኝ።

«አንተ ዝም ብለህ ተከተለኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ለኬክ ቦታ የማይለቅ ሰው አሳየኝ።»

እውነቴን ነበር። ባቡሩ ጢም ብሏል፤ እኛ ስንገባ ግን ሰዉ ለሁለት ተከፈለ። «ኬክ ነው፣ ኬክ ነው፣ አትግፉ!» እየተባባለ ለእኔ ወንበር ተለቀቀልኝ። አጠገቤ የተቀመጡ ነጠላ የለበሱ እናት ካርቶኑን አይተው «የጾም ነው?» አሉኝ። ፍልሰታ ነበር።

«የጾም ነው እናቴ» አልኩ። ከብርጭቆ የበለጠ የጾም ነገር ከየት ይመጣል?

«የማን ልደት ነው?»

ሳላስበው በአገጬ ነጂብን አሳየሁ። እናትየው ቀና ብለው አዩት። «እንኳን ተወለድክ የኔ ልጅ! ዕድሜ ከጤና ይስጥህ። ትዳርም አብሮ ይስጥህ» ብለው ወደ እኔ ዞር አሉ። «እህቱ ነኝ» አልኩ ቶሎ ብዬ። ነጂብ እስከ ጆሮው ቀላ። ከኋላ አንድ ጎረምሳ «ሃፒ በርዝደይ ብሮ!» አለው፤ ሦስት አራት ሰው አጨበጨበ። ልጁ ሳይወለድ ልደቱ ተከበረ።

ከመስቀል አደባባይ ባምቢስ

መስቀል አደባባይ ስንወርድ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ስፖርተኞቹ ቱታቸው ረጥቦ ደረጃው ላይ እግራቸውን ያፍታታሉ። የካዛንቺስ ሚኒባስ ረዳት ገና ከሩቅ ካርቶኑን አይቶ «ኬክ የያዘችው ጋቢና ትግባ!» ብሎ ጮኸ። ጋቢና ተቀምጦ የነበረውን ሰውዬ አስወርዶ አስገባኝ፤ ሰውዬውም አልተቆጣም። ኬክ ሆኜ በተወለድኩ!

ባምቢስ አቀበቱ ላይ ሚኒባሱ ተንተፋተፈ፣ አንዴ ሳል አለና ቀጥ አለ። ረዳቱ «ወንዶች ወርዳችሁ አንዴ ግፉልን!» አለ። እኔ ካርቶኔን ይዤ ቀረሁ፤ ነጂብ ከሌሎቹ ጋር ወረደ። መጀመሪያ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፣ አንዱ ሲያርፍ ሌላው ይጀምራል፤ መኪናዋ ንቅንቅ አልል አለች። ረዳቱ ተናደደና «አንድ ላይ! ሆ! ሲባል!» ብሎ ራሱ ገብቶ «ሆ!» ሲል ሁሉም እኩል ገፉ። መኪናዋ እንደ ምንም ተንቀሳቀሰች፤ ሞተሩ ግን ስላልተነሣ ጥቂት ሄዳ ቆመች።

ነጂብ በጋቢናው መስኮት በኩል እያለከለከ «አየሽ? ፍርግርግ ማለት ይሄ ነው!» አለኝ። «እያንዳንዱ ጭረት የሚመልሰው ብርሃን ኢምንት ነው። ግን ርቀታቸው እኩል ከሆነ የሁሉም 'ሆ' አንድ ላይ ይመጣል። አንዱ ከቀደመ ሌላው ከዘገየ ግን በቃ፣ መኪናዋ ቆማ ትቀራለች።»

በላብ ተጠምቆ ማስተማር የሚያምረው እሱን ብቻ ነው። ግን ትምህርቱን ሳይጨርስ ከመንገዱ ዳር «ነጂብ! አንተ ነህ?» የሚል ድምፅ መጣ።

አባቱ ሐጂ ሸምሱ ናቸው። ሚኒባሱ የቆመው ከሱቃቸው ፊት ለፊት ኖሯል። ሐጂ የሚሸጡት መብራት ነው። ጣሪያው ሁሉ የተንጠለጠለ የክሪስታል መብራት ነው፤ መደርደሪያው ከአምፖል ሌላ ነገር አያውቅም፤ በቀን ገብታችሁ በዓይናችሁ ላይ ከዋክብት ይዛችሁ ትወጣላችሁ። እኔም ሰላም ልላቸው ወረድኩ።

«ሚኒባስ ለመግፋት ሦስተኛ ዲግሪ ይጠየቃል እንዴ አሁን?» አሉት። የሚገፉት ሁሉ ሳቁ።

«ካዛንቺስ እየሄድን ነው አባ። ፍርግርጉን ልናሠራ።»

«ፍርግርግ ከሆነ እዚህ ጀርባዬ በያጅ አለ አይደል? ለመስኮቴ ማለፊያ አድርጎ ሠርቶልኛል።»

«የብረት አይደለም አባ፤ የብርሃን ነው።»

ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። «ትዕግስት ልጄ፣ አንቺ ንገሪኝ እስቲ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሚታይ መብራት ሸጬ ልጅ አሳደግሁ። ልጁ የማይታይ መብራት እሠራለሁ አለ። የማይታይ መብራት ማን ይገዛል?»

«ጥርስ ይሠራበታል ሐጂ። ያለ መሰርሰሪያ።»

እጃቸውን ቶሎ ጉንጫቸው ላይ አደረጉ። መንጋጋቸው ካመማቸው ቆይቷል፤ የመሰርሰሪያውን ድምፅ ስለሚፈሩ ግን ሐኪም ቤት ደጃፍ አይደርሱም። ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል፤ እሳቸው ግን ማንም የማያውቅ ይመስላቸዋል። «የኔን ጥርስ ተዪው» አሉና ከኪሳቸው ቁልፍ አወጡ። የአዲሱ ሱቅ ቁልፍ ነው። «ዛሬ ከሰዓት አሱር ሰግጄ ጎተራ እመጣለሁ። መብራትህን ካየሁ አየሁ። ካላየሁ ግን ልጄ፣ ነገ ጠዋት ሱቁን አንተ ትከፍታለህ።» ቁጣ የለበትም፤ ይልቅ ድካም ነበረበት። ያሳዘነኝም እሱ ነው።

«እሺ አባ» አለ ነጂብ። «ከደረሰኙ ጥቅል ትንሽ ይቁረጡልኝ?»

«ሳትሸጥ ደረሰኝ ምን ያደርግልሃል?» እያሉ ከካሽ ሬጂስተሩ አንድ ክንድ የሚያህል ባዶ ወረቀት ቀደው ሰጡት። ሁልጊዜ ይጠይቃቸዋል፣ ሁልጊዜ ይሰጡታል፤ ለምን እንደሆነ ግን አይነግራቸውም፤ እሳቸውም መልስ አይጠብቁም። ሚኒባሷ ተነሣች፤ እኛም ሮጠን ገባን።

ካዛንቺስ

ካዛንቺስን የሚያውቅ ሰው አሁን ቢመጣ ግራ ይጋባል። ድሮ ተጋቢኖ የምበላበት ቤት የነበረበት ቦታ ላይ ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ ሣርና የመብራት ምሰሶ አለ። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ «ምድጃው እዚህ ጋ ነበር» ብዬ ለነጂብ አሳየሁት። ደስም አለኝ፣ ሆድም ባሰኝ። የምንሄድበት ሕንፃ ጎን ገና እየተቆፈረ ነው። አንድ ትልቅ ማሽን አሮጌ መሠረት ይፈነቅላል፤ ዱ ዱ ዱ ዱ ይላል፣ ጥርስ ያንገጫግጫል።

የሌዘር ማሽኑን የምታንቀሳቅሰው ሄለን በር ላይ ጠበቀችን። ኢንጂነር ናት፣ ከእኔ ጋር እኩያ ነን፣ ስንገናኝ ከሥራ ይልቅ ሐሜት ይቀድመናል። ካርቶኑን እንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን እጃችንን ልንታጠብና ጋዋን ልንለብስ ገባን። ስንመለስ ጠረጴዛው ባዶ ነው።

ነጂብ ድምፁ ጠፋ። እኔ ግን ድምፄ መቼ ጠፍቶ ያውቃል! «ካርቶኑስ?! የት ሄደ?!»

የቢሮው ሻይ የሚያፈሉት እትዬ ጽጌ ከኩሽና ብቅ አሉ። ደግ ሰው ናቸው፤ ፊታቸው ሁሉ ፈገግታ ነው። «ኬኩን ነው? አትጨነቁ፤ ፍሪጅ አስገባሁላችሁ።»

«ፍሪጅ?!»

«ታዲያ? ከጎተራ ድረስ ተሸክማችሁ አምጥታችሁ ክሬሙ ይቅለጥ?»

ነጂብ እዚያው ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ። እኔ ሮጬ ፍሪጁን ከፈትኩ። የብርጭቆው ክር፣ የነጂብ ዕጣ ፈንታ፣ ከቲማቲምና ከሎሚ አጠገብ ተቀምጧል። ቅዝቃዜው ራሱ ምንም አያደርገውም። ጉዳቱ የሚመጣው ሲከፈት ነው። መነጽር ያደረገ ሰው ከብርድ ወደ ሙቅ ቤት ሲገባ መነጽሩ ጉም ይለብስ የለ? ሳጥኑን እንደቀዘቀዘ ብንከፍተው የነሐሴ እርጥብ አየር ክሩ ላይ ጤዛ ሆኖ ይቀመጣል፤ ያኔ ደህና ሰንብት። ሳጥኑ እንደታሸገ ቀስ ብሎ መሞቅ ነበረበት። እስኪሞቅ መጠበቅ ነው እንግዲህ።

መጠበቅ! እኔ! አስተናጋጅ ቢዘገይብኝ ራሴ ኩሽና የምገባው ሴትዮ።

እትዬ ጽጌ ጉዳዩን ሲረዱ ፊታቸው ጥቁር አለ። «እኔ እኮ ለደግ ብዬ…» ብለው እንባቸው ሊመጣ ሆነ። ነጂብ ተነሥቶ እጃቸውን ያዘና «ኬክ ነው ብለን የዋሸነው እኛ ነን እትዬ ጽጌ። እርስዎ ምን አጠፉ?» አላቸው። ይሄ ልጅ ሱቅ ቢከፍት ደንበኛ አያጣም ብዬ አሰብኩ፤ አስቤም በራሴ ተናደድኩ።

ምሳ ሰዓት

ሥራ ከመፍታት ብዬ አንድ ተራ የስልክ ፋይበር ማሽኑ ላይ እንድንሞክር ሄለንን ጨቀጨቅኳት። ክሩን ከሌንሱ ሥር አስተኛነው። ስክሪኑ ላይ መሃል ልቡ ቀጭን ጥቁር መስመር ሆኖ ታየ። ሌላ ጊዜ ቶሎ ወደ ሥራ ስለምንገባ እንዲህ ቁጭ ብሎ ያየው የለም። አጉልታ፣ አሁንም አጉልታ አሳየችኝ። ዝም ብዬ አፈጠጥኩበት።

«ሄለን፣ ይሄ መስመር ይንቀጠቀጣል?»

«ዓይንሽ ነው» አለች። «ጠረጴዛው እኮ በአየር ትራስ ላይ ነው የቆመው፤ የመንገድ ንዝረት አይደርሰውም።»

እኔ ግን ማፍጠጤን አልተውኩም። ከዚያ ድንገት፣ ውጭ ያለው ዱ ዱ ዱ ቀጥ አለ። ሠራተኞቹ ለምሳ ወጡ። መስመሩም በዚያው ቅጽበት ቀጥ አለ፤ በማስመሪያ የተሰመረ መሰለ። ሦስታችንም ተያየን። ቀጥሎ ነጂብ ራሱን ይዞ መሳቅ ጀመረ።

«እርጥበት አልነበረም!» አለ። «ሁለቴም የመጣነው በጠዋት ነው። ሁለቴም ያ ማሽን እየደበደበ ነው የጻፍነው። ጭረቶቹ ቦታቸውን ስተዋል። 'ሆ' ሲባል እኩል አልገፉም!»

ጭረት ከጭረት የሚራራቀው ከአንድ ማይክሮን ባነሰ ነው፤ በአንዲት የፀጉር ዘለላ ውፍረት ላይ ሰባ ያህል ጭረት ይሰለፋል ብሎኛል ነጂብ። የአየሩ ትራስ የመኪናውን ንዝረት ሁሉ ሲውጥ፣ ይህን ጎረቤት ግን አልቻለውም። እትዬ ጽጌ ኬክ ባይመስላቸው፣ ፍሪጅ ባያስገቡት፣ ያንን የመጨረሻ ክር እኛው በገዛ እጃችን ጠዋቱን እናበላሸው ነበር። ሄለን ኮሪደሩ ላይ ወጥታ «እትዬ ጽጌ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ!» ብላ ስትጮህ እሳቸው ምን እንደተፈጠረ ስላልገባቸው «አሜን» አሉ።

ሳጥኑ ሞቋል። በስሱ ከፈትነው፤ ጤዛ የለም። ነጂብ ክሩን ማስተካከል ጀመረ፤ ይሄ ደግሞ በችኮላ አይሆንም። መጻፉ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው፤ ማስተካከሉ ነው ጊዜ የሚበላው። በመስኮት ሳይ የቁፋሮው ማሽን ኦፕሬተር ምሳውን ጨርሶ አፉን በሶፍት እየጠረገ ነው። ወይ ጉድ! ጋዋኔን እንደለበስኩ ደረጃውን ወረድኩ።

«ወንድሜ፣ እባክህ ትንሽ ቆይልኝ።»

ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ዶክተር ነሽ? በሽተኛ አለ እንዴ?»

«በሽተኛ የለም። ውስጥ አንድ በጣም ስስ ነገር እየሠራን ነው፤ ያንተ ማሽን ሲመታ ይንቀጠቀጥብናል። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ዕድል ያለን። ካልሆነ ጓደኛዬ ሥራውን ያጣል።»

አሰበ። ሰዓቱን አየ። ከዚያ «እኔ እኮ ሻይ አልጠጣሁም ገና» አለና ፈገግ አለ።

ጎኑ ካለች ላስቲክ ቤት ተቀምጠን ሻይ አዘዝኩ። ዝናቡ ላስቲኩን ይደበድባል። ስሙ ታምራት ነው፣ የሆሳዕና ልጅ ነው፣ ልጁ አንደኛ ክፍል ትገባለች፤ ይሄን ሁሉ ነገረኝ። እኔ ግን ጆሮዬ መስኮቱ ላይ ነው። እዚያ ላይ ለወራት የደከምኩበት ነገር ይጻፋል፤ እኔ እዚህ ሻይ አማስላለሁ። ቂጤ ወንበሩ ላይ አልረጋ ሲል «እህቴ፣ ምነው? እሾህ አለበት?» አለኝ። ሁለተኛ ሻይ አዘዝኩ። እሱ ቀስ ብሎ እፍ እያለ ጠጣ፤ ሆን ብሎ እንደሆነ በኋላ ነው የገባኝ። በመጨረሻ መስኮቱ ተከፈተና ሄለን ጋዋኗን እንደ ባንዲራ እያውለበለበች «አለቀ!» አለች። ታምራት ብርጭቆውን አስቀምጦ «እንኳን ደስ ያላችሁ፤ ልደብድብ?» አለ። አቀፍኩት፤ ብዙ ጭቃ ነበረበት፣ ግድ አልሰጠኝም።

መልስ

እውነቱን ለመናገር ገና ምንም አላለቀም። ፍርግርጉ መሥራቱ የሚታወቀው ጎተራ፣ የኛ ዕቃ ላይ ተገጥሞ ሲበራ ነው። እትዬ ጽጌ ካርቶኑ ላይ በትልቅ ማርከር «ኬክ አይደለም» ብለው ጽፈው ሰጡን። ያ ጽሑፍ ክብራችንን ገፈፈው። ሚኒባሱ ውስጥ ማንም አልተነሣልንም፤ ጋቢናም አልደረሰኝም። አንዷ ልጅ «ታዲያ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «መብራት» አልኳት፤ ካርቶኑን ዝቅ ብላ በሪባኑ ሥር ልታይ ሞከረች።

ከባቡሩ ስንወርድ ዝናቡ ወረደብን። ነጂብ ጃኬቱን አውልቆ ለካርቶኑ አለበሰው። እሱ በሸሚዝ፣ ውሃ ከቅንድቡ እየተንጠባጠበ፣ ካርቶኑ በጃኬት ሆነው ጎተራ ገቡ። «ነገ ሱቅ ከከፈትኩ ጉንፋን ይዞኝ ነው የምከፍተው» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ያን ሁሉ ሳቅ ስስቅ ውዬ እዚያች ደጃፍ ላይ ነው ፍርሃቱ የያዘኝ።

የክሩን ሌላኛውን፣ ፍርግርግ የሌለበትን ጫፍ መቁረጥ የኔ ሥራ ነው። ጫፉ ቀጥ ብሎ ካልተቆረጠ ብርሃኑ አይመለስም፤ ከተሰነጠቀ ደግሞ ሌላ የለም። እጄን በፎጣ አደረቅሁ፣ ትንፋሼን ያዝኩ። ጭረት፣ ቀስ ብሎ መሳብ፣ ጥርት ያለ ቁርጥ። በማጉያው አየሁት፤ ፊቱ ጸጥ እንዳለ ውሃ ለጥ ብሏል። ትዕግስት ካላችሁኝ ያኔ ብቻ በሉኝ።

ሐጂ ሸምሱ እንዳሉት አሱር ሰግደው መጡ። ቁልፉ በእጃቸው ነው። መከላከያውን መነጽር በራሳቸው መነጽር ላይ ደርበን አደረግንላቸው። ጥግ ያለችው ወንበር ላይ ተቀምጠው ክፍሏን ዞር ዞር ብለው አዩና «አምፖላችሁ ቢጫ ነው፤ ነጭ እልክላችኋለሁ» አሉ።

ነጂብ አበራ። ቀስ እያለ ኃይሉን ሲጨምርበት ክሩ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ሆኖ ፈካ። እንዴት እንደሚያምር! ሐጂ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ይኸው! ታየ እኮ! ማሻአላህ፣ ለምንድን ነው አይታይም የምትለኝ?»

«ይሄ አይደለም አባ» አለ ነጂብ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «ይሄ ትራፊው ነው። ይሄማ ባለፉት ሁለት ጊዜያትም በርቷል።»

ሐጂ ተቀመጡ። ነጂብ ጠዋት ከሱቁ የተቀበለውን የደረሰኝ ወረቀት አውጥቶ ከክሩ ጫፍ ፊት ለፊት አቆመው፤ አረንጓዴውንና ሌላውን ትራፊ የሚያግድ ማጣሪያ መሃል አስገባ። የደረሰኝ ወረቀት ሙቀት ሲነካው ይጠቁራል፤ ካሽ ሬጂስተሩ የሚጽፍበትም በዚሁ ነው። ባለፉት ሁለት ጊዜያት ወረቀቱ ነጭ እንደሆነ ቀርቶ ነበር።

ጨመረ። ነጭ ነው። ጨመረ። ነጭ። የሐጂ ቁልፍ ኪሳቸው ውስጥ ገብቶ ሲቅጨለጨል ተሰማኝ። ነጂብ አባቱን አላያቸውም። አንዴ ደግሞ ጨመረ።

ወረቀቱ መሃል ላይ፣ ምንም ነገር ሳይነካው፣ ምንም ነገር ሳይታይ፣ አንዲት ጥቁር ነጥብ ብቅ አለች። የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል። ወዲያው ጠርዟ ሰፋ፣ ቀጭን ጭስ ወጣ። አጠገቡ ያለው መለኪያ ስክሪን ላይ አንድ ቀጥ ያለ ሹል መስመር ቆመ፤ ነጂብ የሚፈልገው ቀለም ላይ፣ ብቻውን። እኔ ጮህኩ። ላይኛው ፎቅ ያሉት ጎረቤቶች መሬት ተንቀጠቀጠ ብለው ወጡ። ነጂብ አፉን በሁለት እጁ ይዞ ቆሞ ቀረ።

ሐጂ ወረቀቱ ጋ ተጠጉ። ነጂብ አጠፋላቸው። ወረቀቱን አንሥተው ወደ ቢጫው አምፖል አደረጉትና በቀዳዳዋ ውስጥ አዩ። «ለካ ለዚህ ነው ደረሰኝ የምትለምነኝ» አሉ። ቀጥለውም «ስንት ዋት ነው?» ብለው ጠየቁ፤ ነጋዴ ናቸዋ።

«አንድ ዋት ገደማ ነው አባ።»

«እኔ ጋ ከሁሉ ትንሹ አምፖል ይበልጠዋል» አሉ። ልጃቸውን ሳብ አድርገው ግንባሩን ሳሙት። «ይሄ… ድምፅ የለውም አይደል?»

«ምንም ድምፅ የለውም።»

እጃቸው ቀስ ብሎ ወደ ጉንጫቸው ሄደ። «ታዲያ ቶሎ በላ፤ ምን ትጠብቃለህ!»

ያ ቀን ያስተማረኝ ነገር መጠበቅ ነው ብል እናቴ ከት ብላ ትስቃለች። ግን እውነት ነው። አንድ ፍሪጅና ሁለት ብርጭቆ ሻይ ያስጠበቁኝን ያህል ማንም አስጠብቆኝ አያውቅም፤ ሥራችንን ያዳነውም እሱ ነው። ለእትዬ ጽጌ ፍልሰታ ሲፈታ እውነተኛ ኬክ ወሰድኩላቸው፤ ከፍተው ክሬሙን በጣታቸው ቀምሰው ነው ያመኑኝ።

በሳምንቱ ባምቢስ በኩል ሳልፍ ሐጂን ሰላም ልል ሱቃቸው ገባሁ። አዲሱን ሱቅ ለታናሹ ልጃቸው ከፍተውለታል። ከክሪስታሎቹ ሁሉ መሃል፣ ምርጡ መብራት በሚሰቀልበት ቦታ፣ መሃሉ የጠቆረና የተበሳ የደረሰኝ ወረቀት በመስታወት ፍሬም ተሰቅሏል። አንድ ደንበኛ አንጋጦ ካየው በኋላ «ሐጂ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አላቸው።

«መብራት ነው» አሉ።

«ሲበራ አይታይም እኮ!»

«አዎ፣ አይታይም» አሉ ሐጂ፣ ሌላውን አምፖል በጨርቅ እየጠረጉ። «አይሸጥምም። የልጄ ነው።»